ሠላሳ ስድስት ለቀስተኞች

ሄራን ውሃው መድረሱን የምታውቀው በክርኗ ነው። ቴርሞሜትር አላት፤ ግን አታምነውም። እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ነከር ታደርግና «ይሄ ገና ነው» ወይም «ይሄ ሰው ሆኗል» ትላለች። ሰው በሆነው ውሃ ላይ እፍኝ ጨው ጨምራ ታማስላለች፣ በባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ትሞላለች፣ ክዳኑን አጥብቃ ጋሪው ላይ ታሰልፋለች። በዚያ ሐሙስ ጠዋት የሚሞላው ሠላሳ ስድስት ጀሪካን ነበር።

የእንጀራ ሥራዋ ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስድስት ብሎኮች በሚጋሩት ግቢ፣ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ሱቋ፣ በነጠላና በጋቢ ጥለት ላይ አንቴና ታትማለች። የተላጠውን ትጠግናለች፣ የደበዘዘውን በብር ቀለም ትደግማለች። አንቴናው ከጨርቁ ጋር ይታጠፋል፣ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፤ የለበሰው ሰው መኖሩንም ይረሳዋል። የሚያስታውሰው ነጠላውን ቤት ረስቶ የወጣ ቀን ነው። የቤቱ በር፣ የኮሪደሩ ቧንቧ፣ ሊፍቱ፣ የዳቦ ቤቱ መስኮት፣ ሁሉም የሚያውቁት ነጠላን እንጂ ሰውን አይደለም። ነጠላውን ውስጥ ትቶ በሩ የተዘጋበት ሰው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ የቤት ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ይሄ ማንንም አይገርምም።

ዕድሩም ስም መጥራት ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል። በለቅሶው ድንኳን አፍ ላይ ሁለት ቀጭን ምሰሶ ይቆማል፤ በዚያ ገብቶ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ነጠላ ቆጥሮ ከላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ያወጣል። የሟች ቤተሰብ አይቆጠርም። ዕድሩ ለአንድ ቤት የሚያመጣለት ለቀስተኛ፣ ያ ቤት በሰው ለቅሶ የተገኘበትን ያህል ነው። ሄራን አራት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ተገኝታለች። በስድስቱ ብሎክ እሷን የሚያህል የለም። ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላትም፤ እህት ወንድም የላትም። ማታ ከመተኛቷ በፊት ያቺን ቁጥር አንድ ጊዜ ታያታለች፤ ቀባሪ እንዳላት የምታውቀው በእሷ ነው።

የጀሪካኑ ነገር የተጀመረው በደግነት ነው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ጓደኛዋ ማርሲላስ እግሯን ተሰብራ ተኝታ ሳለ፣ «ነጠላዬን ይዘሽልኝ ሂጂ፤ እንዳልቀርባቸው» ብላ ለመነቻት። ሄራን አጥፋ በፌስታል ይዛው ሄደች፤ ምሰሶው አላየውም። እሷም ባለሙያ ናትና ምክንያቱ ወዲያው ገባት። አንቴናው የሚሠራው ሞቅ ያለ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ነው፤ የሰው ሰውነት ደግሞ ለእሱ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ ነው። ሱቋ ውስጥ አዲስ የታተመ ነጠላ የምትፈትነው ጀሪካን ላይ አልብሳ ነበር። በማግስቱ ያንኑ ጀሪካን ነጠላ አልብሳ ይዛው ሄደች። ሰሌዳው ማርሲላስን ቆጠራት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በራሱ ተስፋፋ። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው አለቃው አይጠራውም፤ የፋብሪካው ፈረቃ አይጠይቀውም፤ መልእክት አይደርሰውም። ነጠላውን ለሄራን ያስረከበ ሰው በሩ ይቆለፍበታል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ እሱም ጋደም ብሎ ይተኛል። በዚህ ከተማ ሰው ሳይፈለግ የሚተኛው ለቅሶ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሄራን ለዚህ አትከፈልም፤ አትፈርድባቸውምም። ሰው ደክሞታል፣ ትላለች፣ ሌላ ነገር የለውም። ለቅሶው ሲያበቃ የእያንዳንዱን ነጠላ በተራ ራሷ ደርባ በሩን ትከፍትለታለች፤ ስድስቱን ብሎክ ወጥታ ወርዳ ሠላሳ ስድስቱን አዳርሳ እስክትጨርስ ሌሊቱ ይነጋባታል።

አቶ ያብስራ ግን ጋቢያቸውን ልከው አያውቁም። ጡረታ የወጡ የውሃ ባለሙያ ናቸው፤ ከሄራን በር ትይዩ ይኖራሉ። በየድንኳኑ በጀሪካኖቹ መሀል የሚገኙት ሁለቱ ሰዎች እሳቸውና ሄራን ነበሩ። ሐዘንተኛውን የሚያጫውቱት እሳቸው ናቸው። ጀሪካን ተንሸራቶ ሲወድቅ ጎንበስ ብለው ያነሱታል፤ ነጠላውን ያስተካክሉና «ይቅርታ አቶ እገሌ፣ እንቅልፍ ጥሎህ ነው» ይሉታል። ሐዘንተኛው እንኳ ያኔ ፈገግ ይላል።

ማክሰኞ ዕለት ባለቤታቸው ወይዘሮ ቢታንያ አረፉ። ረቡዕ ተቀበሩ፤ ቀብሩ አጭር ነውና ሰው በአካል መጣ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ተበተነ። ሐሙስ በስድስት ሰዓት ድንኳኑ ራሱን ዘረጋ። ሄራን ጋሪዋን እየገፋች ገባች፤ ሠላሳ ስድስቱን ጀሪካን በሠላሳ ስድስት ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላና ጋቢያቸውን አለበሰቻቸው። ለለቅሶ እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ነው። ሰሌዳው «ለቀስተኛ፦ 37» አለ። ሠላሳ ሰባተኛዋ እሷ ናት።

የዕድሩ ማመላለሻ የሠላሳ ሰባት ሰው ንፍሮ አምጥቶ ደጁ ላይ ዘረገፈና ሄደ። አቶ ያብስራ ሳህኑን አዩት።

«ለዛሬ ሳምንትም ይበቃናል» አሉ።

ሄራን አጠገባቸው ተቀመጠች። ድንኳኑ ውስጥ ከነፋሱ በቀር ድምፅ አልነበረም።

«ሶልያና ስንት ሰዓት ትደርሳለች ጋሼ?»

«ዘጠኝ ሰዓት። አዲስ አበባ ገብታለች፤ አሁን መንገድ ላይ ናት።»

«ምን ብለው ነው የጠሯት?»

«እናትሽን ትንሽ አሟታል ነው ያልኳት። የመርዶ እግዱን በእጄ ነው የሞላሁት።»

የመርዶ እግድ አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ከተሞላ በኋላ ሐዘን የሚነካ ቃል፣ ጥሪም ሆነ የሰው ልቅሶ፣ በዚያ ሰው ነጠላ አያልፍም። እግዱ የሚነሣው ሰውየው የድንኳኑን ምሰሶ ሲያልፍ ነው፤ ያውም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ለቀስተኛ ከተቆጠረ። ያን ጊዜ ነጠላው ራሱ፣ ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ፣ ማን እንደሞተ ይነግረዋል። ቅጹን ያወጡት ሰዎች ወጉን ያውቁታል፤ መርዶ ሰው ለብቻው አይነገረውም።

«ሰባት ሰው አለ» አለች ሄራን፣ ወደ ሰሌዳው ሳታይ።

አቶ ያብስራ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ቅር አላቸው ለማለት አይቻልም፤ ሲያዩአቸው የኖሩ ናቸው።

«ሄራንዬ፣ እኔን የጨነቀኝ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ቢታንያ የእናቷን መርዶ የሰማች ቀን እዚህ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ራሷን ከድንጋዩ ልታጋጭ ነበር። ስምንት ሴት ነው የያዛት። ፀጉሯን የሚሰበስብ አለ፣ እጇን የሚይዝ አለ፣ አብሮ የሚጮኽ አለ። ሶልያና ቁርጥ እናቷን ናት። ማን ይይዛታል?»

«እኔ እይዛታለሁ።»

«አንቺ አንድ ነሽ። እኔ እንደሆነ ጉልበቴ አልቋል።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጎናቸው ካለው ጀሪካን ትከሻ የወረደውን የማርሲላስን ነጠላ መለሱት።

ሄራን ተነሣች። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣች፤ ደወሉን ተጫነች። ደወሉ አልጮኸም፤ ባለቤቱ ከቤት ለሌለ በር ደወል አይጮኽም። በጡጫዋ መታችው።

«ማርሲላስ!»

ቆይቶ ከውስጥ የአልጋ ሲጥሲጥታ ተሰማ።

«ማነው?»

«ሄራን ነኝ።»

«የለሁም» አለች ማርሲላስ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ። የቢታንያ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች፤ መርዶ አልሰማችም። የሚይዛት ሰው የለም።»

እግሯን እየጎተተች ወደ በሩ ስትጠጋ ተሰማ። ማርሲላስ ስትናገር ድምፅዋ ከበሩ ማዶ፣ ከሄራን አጠገብ ነበር።

«ውይ፣ ቢታንያ» አለች። «እግሬን ስሰበር ሾርባ ያመላለሰችልኝ እኮ እሷ ናት። በምን ልውጣ ታዲያ? በሩ አይከፈትልኝም። ነጠላዬ አንቺ ዘንድ ነው።»

«አመጣልሻለሁ።»

«እኔን ብታወጪኝ የቀሩትንስ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቱን በር ትደርሺዋለሽ?»

ሄራን አሰበችው። ሦስት በር፣ ቢበዛ አራት። ሦስተኛ ፎቅ ወርዳ ሌላ በር መታች፤ የወንድ ማንኮራፋት ብቻ ሰማች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ልጅ እግር ሰው «ለቅሶ ላይ ነኝ እናቴ፣ ሲያልቅ ይምጡ» አላት፤ በጨዋ ድምፅ ነበር። አልሳቀችም። ደረጃው ላይ ቆማ በሩን ሁሉ አየችው፤ በእያንዳንዱ በር ጀርባ አንድ የደከመ ሰው ተኝቷል፤ በሩን የዘጋችበት ደግሞ እሷው ናት። ይህ ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ አልታያትም ነበርና አፈረች።

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ውሃው የሚሞቅበት ሰዓት ነው። ማሞቂያዋ ጋሪው ላይ ነበር፤ ሶኬቱን ልትሰካ እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው።

ውሃው ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። በሙያዋ ከሁሉ በፊት የተማረችው እሱን ነው። ለብ ብሎ የቆየ ነጠላ ሳይወልቅና ሳይንቀሳቀስ ከቀዘቀዘ፣ ለባሹ ሞቷል ማለት ነው። የሟች በር ራሱ ይከፈታል፤ ሬሳ የሚያወጣ ሰው ገብቶ እንዳይቸገር። የብሎኩ ድምፅ ማጉያ ስሙን ይጠራል፤ የመርዶ እግድ ካልተሞላም ዜናው ለዘመዱ ይደርሳል። የሞተ አንቴና ደግሞ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ካልተመሰከረለት ለባሹ ቢያሞቀውም አይነሣም። ይህንን ያደረገች ዕድርተኛ ምን እንደሚጠብቃትም ታውቃለች። አራት መቶ አሥራ አንዱ ይሰረዛል። ሄራን ዜሮ ትሆናለች፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

ፈራች። ሶኬቱን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ጋሪው ሥር ጣለችውና ሄዳ አቶ ያብስራ አጠገብ ተቀመጠች።

«ውሃው እየቀዘቀዘ ነው» አሉ፤ ጀሪካኑን በመዳፋቸው ነክተው።

«አዎ።»

«አታሞቂውም?»

«ዛሬ ይቅር ጋሼ።»

አቶ ያብስራ ትክ ብለው አዩአት። ሥራዋን ያውቃሉ፤ ብዙ ቀን አብረዋት አሙቀዋል።

«አንቺስ?» አሉ።

«እኔማ ምን እሆናለሁ። አለሁ።»

የደብረ ብርሃን ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ድንኳኑን ከታች እየገለበ ገባ፤ የነጠላዎቹ ጫፍ ተርገበገበ። ሰሌዳው ሠላሳ አራት አለ። ትንሽ ቆይቶ ሃያ ዘጠኝ። ጥላ በኩል ያሉት ጀሪካኖች ቀደሙ፤ ፀሐይ ያገኛቸው ዘገዩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አንድ ሆነ። ድንኳኑ በተረጋጋ ድምፅ «ለቀስተኛ ከሰባት በታች ነው። ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል» አለ።

ከብሎኮቹ የድምፅ ማጉያው ጀመረ። እሱም አይቸኩልም። «ማርሲላስ ታምራት፣ አራተኛ ፎቅ። ሰውነቷ ቀዝቅዟል። በሩ ተከፍቷል።» ፋታ። «ናኦድ ፍስሐ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሰውነቱ ቀዝቅዟል። በሩ ተከፍቷል።» ሠላሳ ስድስት ስም ለመጥራት አሥር ደቂቃ ፈጀበት። በመሀሉ ከየፎቁ የበር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሰዎች ሞታቸውን ከእንቅልፋቸው ነቅተው ሰሙ፤ አይናቸውን ሲገልጡ በራቸው ወለል ብሎ የኮሪደሩ ብርድ ይገባል።

መጀመሪያ የወረደው ናኦድ ነው፤ በካልሲ። ቀጥሎ ፎጣ የጠመጠመች ሴት፣ ቀጥሎ ትራስ በጉንጩ ላይ የታተመበት ጎልማሳ። ሊፍቱ አያውቃቸውምና ሁሉም በደረጃ ነው የወረዱት፤ ሁሉም እያለከለኩ ነው የደረሱት። አንዱ መኖሩን ለማረጋገጥ ደረቱን እየዳበሰ ነበር። ማርሲላስ እግሯን እየጎተተች ደረሰች፤ ሄራንን አየች፣ የጋሪውን ሶኬት አየች፣ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

የተናገሩት የዕድሩ ዳኛ አቶ በእምነት ናቸው። የእሳቸውም ጋቢ አምስተኛው ወንበር ላይ ነበር።

«ምን ያደረግሽው ነገር ነው ይሄ? ልጄ ሐዋሳ ሆና እያለቀሰች ይሆናል! በሕይወት እያለሁ አባቴ ሞተ ብላ!»

«አውቃለሁ አቶ በእምነት። ጥፋተኛ ነኝ።»

«ጽሕፈት ቤቱ እስኪያጸዳልን ስንት ቀን ይፈጃል? ውሃ በምን ልንቀዳ ነው? በዚህ ትጠየቂያለሽ። በዕድሩ ያለሽ ሁሉ ይሰረዛል፤ ይግባሽ።»

«ገብቶኛል» አለች ሄራን። «ግን አንድ ጊዜ እዚህ ቆዩልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ።»

«ለምን ብለን?»

ሌሎቹም ተንጫጩ። ነጠላቸውን ከጀሪካኑ መግፈፍ የጀመረ አለ፤ የደረበውም አለ፤ ሰሌዳው ግን ከአንድ ፈቀቅ አላለም። አቶ ያብስራ መሀላቸው ተቀምጠዋል፤ አንድ ጊዜም አልተቆጡም፤ አይናቸው በግቢው በር ላይ ነበር።

መጀመሪያ ያየቻት ማርሲላስ ናት።

«ዝም በሉ» አለች። «መጣች።»

ሶልያና የጉዞ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ከግቢው በር ቆማ ነበር። ድንኳኑ የስድስቱም ብሎክ ነውና የማንም ሊሆን ይችላል። እንዲያ እያሰበች እንደሆነ ከአረማመዷ ያስታውቃል፤ በዝግታ፣ ድንኳኑን ላለማየት እየሞከረች፣ ወደ ቤቷ ደረጃ ልትታጠፍ ነበር። ከዚያ ሰዎቹን አየች። ነጠላ ያልለበሱ፣ ጫማ ያላደረጉ፣ ጎረቤቶቿ የሆኑ ብዙ ሰዎች ቆመው ያዩዋታል። ሕፃን ሆና ካልሆነ በቀር ይህን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይታ አታውቅም።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለች።

ወደ ድንኳኑ መጣች፤ ምሰሶውን አለፈች። ነጠላዋ አልተናገረም። ሰሌዳው አንድ ነው የሚለው፤ ለአንድ ለቀስተኛ እግድ አይነሣም። ሶልያና ወደ ትከሻዋ ዘወር ብላ ነጠላዋን አየችው፤ ዝም ማለቱን እንደ መልካም ዜና ወሰደችው፤ ፊቷ ትንሽ ፈካ።

አቶ ያብስራ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ። በነዚያ ብሎኮች መርዶ ከሰው አፍ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እንዴት እንደሚጀመር የጠፋቸው ይመስል ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ሶልዬ» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ልጅ። እናትሽ ሞታብናለች። ትናንት ቀበርናት።»

ሶልያና ቦርሳዋን ጣለች። ቀጥሎ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። ወደ ፊት ስትወድቅ ሄራን ከደረቷ ያዘቻት፤ ማርሲላስ በዚያ በሰባራ እግሯ ደርሳ ክንዷን ያዘች፤ ፎጣ የጠመጠመችው ሴት ከኋላ ወገቧን አቀፈች። ሌላዋ ፀጉሯን ሰበሰበች። ልጅቷ አባቷ እንዳሉት ናት፤ ጉልበቷ ለሦስት ሴት አልበገር አለ፤ አራተኛና አምስተኛ ተጨመሩ። ማርሲላስ «ወይኔ ቢታንያ! ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች። ያ ጩኸት ሌሎቹንም ነካቸው። የሴቶቹ ልቅሶ ተያያዘ፤ ቁጣቸውን ይዘው የወረዱ ወንዶች ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። አቶ በእምነትም አለቀሱ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ለእናታቸው ለቅሶ የመጣላቸው የሰሌዳው ቁጥር ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ድንኳኑ ተናገረ።

«ለቀስተኛ፦ አንድ። ግማሽ ሰዓት አልፏል። ድንኳኑ ይታጠፋል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ጣሪያውን የተሸከሙት አራቱ ምሰሶዎች ወደ ራሳቸው መግባት ጀመሩ። ጣሪያው ከአራቱም ማዕዘን በቀስታ ወረደ፤ የመጀመሪያዎቹን ጀሪካኖች ገፍቶ ጣለ፤ ውሃው ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ሸራው ሴቶቹ ራስ ላይ ሊደርስ ሲል ናኦድ ሮጦ አንዱን ምሰሶ በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ላይ ገፋው። ሞተሩ ይታገለው ጀመር። ሌላ ሰው መጥቶ አገዘው። አቶ በእምነት ዕንባቸውን ጠርገው ሁለተኛውን ምሰሶ ያዙ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ትራስ የታተመበት ጎልማሳና ሌሎች ተረባረቡ። ጣሪያው መውረዱን አቆመ።

ሶልያና መሀላቸው እያለቀሰች ነበር። ሄራን አልለቀቀቻትም። የልጅቷ ዕንባ በአንገትጌዋ ገብቶ ሲወርድ ይሰማታል፤ ሙቀቱን ለመለካት ክርን አያስፈልገውም ነበር።

«ሄራን!» አሉ አቶ በእምነት። ፊታቸው ቀልቶ፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። «እስከ መቼ ነው ይዘን የምንቆመው?»

«አልቅሳ እስክትጨርስ» አለች ሄራን።

አቶ በእምነት እጃቸውን ቀየሩና ምሰሶውን በትከሻቸው ደገፉት።